የባሕር ዛፍ ጥላሸት ወደ ጀርመን

መካኒሳ አቦ አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት «ቲቸር አምሐ» ይለኛል፤ ከጀርባዬ «ጢሱ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም።

ነገሩ የጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። ከፀጉር ብዙ ሺህ ጊዜ የቀጠኑ፣ ከብረት የጠነከሩ የካርቦን ቱቦዎች በውጭ አገር እንደሚሠሩ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ አነበብኩ። አሠራሩ እጅግ ውድ ነው ይላል። ካርቦን ያው ካርቦን ነው፤ የእኛ ባሕር ዛፍ ምን ጎደለው አልኩ። ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰውዬ ለፈረንጅ ወጪ ሊቀንስለት ተነሣ።

ብየዳ ቤት ያለው ዑስማን ከአሮጌ የመኪና ጭስ ማውጫ አንድ ብረት ቆርጦ ሠራልኝ። ውስጡ የብረት ብናኝ አድርጌ፣ ከሰል ላይ እስኪቀላ አግዬ፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። አየር ካልገባ ጥቁር ዱቄት ይቀራል፤ ከገባ ይነድዳል። ብዙ ጊዜ ይገባል። ቅንድቤን ያጣሁት ለተማሪዎቼ የላብራቶሪ ጥንቃቄን ባስተማርኩ ማግስት ነው።

ይህን ሁሉ የምሠራበት ማዕድ ቤት የባለቤቴ የእፀገነት ነው። ወጡም ነጠላዋም ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሲሸት ትዕግሥቷ አለቀ። ወንድሟ አባይነህ ጀርመን ምህንድስና ይማራል፤ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነገር የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ አለው። ዱቄቱ እዚያ ይታይ፣ ቱቦ ከተገኘበት አልከለክልህም፣ ካልተገኘ ግን ያንን ብረት ለቁራሌው እሰጠዋለሁ አለችኝ። ተስማማን። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ አጣሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሐሳብ ሳስተምር ኖሬ የራሴ የምለው ይህንን ብቻ ነበር።

ደህናውን ዱቄት በትንሽ ብልቃጥ ሞልቼ በመንገደኛ እጅ ላክሁ። ሐሳቤን እንዳልሰረቅ ብዬ ብልቃጡ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ለአባይነህም ደውዬ፣ ምንነቱን በስልክ አልነግርህም፣ ለማንም አታውራ፣ አንተ የተማርክ ነህና ስታየው ይገባሃል አልኩት። እንደ ትልቅ ሳይንቲስት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

ከሳምንታት በኋላ ደወለ። የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። «ጨጓራዬ ተሽሎኛል።»

የሐበሻ መድኃኒት ስሙ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ይባላል፤ የሚሰጠውም ሰው ምንነቱን አይናገርም፣ የሚወስደውም አይጠይቅም። ጨጓራውን ሲያመው የኖረው አባይነህም እንደ ጨዋ ልጅ አልጠየቀም። በማር እየለወሰ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ጨርሶታል። የተረፈ ካለም አብሮት ለሚኖረው ልጅ እንድልክለት ለመነኝ። እኔም አፌን ሞልቼ «ይማርህ» ብዬ ዘጋሁ።

ቱቦ ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቀው የአባይነህ ጨጓራ ብቻ ነው። ተናደድኩ። ከንዴቱ ሥር ግን ደስታም ነበረኝ፤ «የለም» የሚል መልስ እንዳይመጣ ስፈራ ነው የከረምኩት።

ለእፀገነት ስነግራት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ገታች። ቃል ቃል ነውና ብረቱን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ለቁራሌው።»

«ገና መች ታየና» አለችኝ፤ ድስቷንም አውርዳ ምድጃውን ለቀቀችልኝ።