በፈላ ውሃ ያጠብኩት ቴርሞሜትር

ትናንት ክሊኒክ ውስጥ የድሬዳዋ ልጅ የሆነች ነርስ ግንባሬ ላይ የሙቀት መለኪያ አነጣጥራ፣ “እማማ፣ ሠላሳ ስምንት!” ስትለኝ ታናሽ እህቴ ዘሀራ ትዝ አለችኝ።

እናታችን እዚሁ ጅቡቲ በከሰል ካውያ የፈረንጆች ልብስ ትተኩስ ነበር። ዘሀራ ትኩሳት ሲይዛት እናቴ ከጎረቤት ቴርሞሜትር ተውሳ፣ “በደንብ እጠቢው” ብላ ሰጠችኝ። ይበልጥ ይጽዳ ብዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። መስታወቱ ፈነዳና ሜርኩሪው እንደ ዶቃ ወለሉ ላይ ተበተነ።

“ምነው አንቺ ልጅ!” አለች እናቴ። አልመታችኝም። መዳፏን የዘሀራ ግንባር ላይ አሳርፋ ቆየች።

“ብዙም አልጋለችም። ነገ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን።”

እፎይ አልኩ። ያ መዳፍ ካውያ ሲይዝ ኖሮ የደነደነ፣ ሙቀት የማይለይ መሆኑ የገባኝ ዘሀራን ከቀበርን በኋላ ነው።

“ምን ሆኑ፣ እማማ?” አለችኝ ነርሷ።

“ሙቀቱ ነው” አልኳት።