ታላቅ አለ፣ ታናሽ አለ

ልጅቷ ስቱዲዮው ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የአቀናባሪውን ጣቶች ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አንጓቸው ላይ ወደ ጎን ዞረው ቀርተዋል፤ ተጣልተው ጀርባ የተሰጣጡ ጎረቤቶች ይመስላሉ። ማውሱን የሚይዘው በግራው ነው። የጻፈችው ግጥም ዘፈን ሆኖ ስላለቀ ልትወስደው መጥታለች። ሰውየው ግን ዘፈኑን ከኮምፒዩተሩ ከማውጣቱ በፊት የተጣመመ ጣቱን እስክሪኑ ላይ አኖረና፣ እንደ ክፍል አለቃ ስም መጥራት ጀመረ።

«ከበሮ?» ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። «አለ። ባስ? አለ። ጊታር?»

ሳቋ አመለጣት። «ምን እየሠራህ ነው ጋሼ? ሁሉም እኮ እስክሪኑ ላይ ይታያል!»

«የሚታይ ሁሉ አለ ማለት አይደለም፣ እህቴ» አላት ሳይዞር።

ሰፈሩ «ስም ጠሪው» ይለዋል። ዘፋኞች ይቀልዱበታል፤ አንዱማ «የቀረ ካለ ወላጅ ይዞ ይምጣ በለው» ብሎት ያውቃል። እሱ አይስቅም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ሥራው ሁሉ ጎርፍ ጥሎት እንደሄደ ዕቃ የተዝረከረከ ነበር። አንዱ ዘፈን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «በቃ ይሄ ነው»፣ «ኧረ ይሄም አይደለም» እየተባለ በየፎልደሩ ተበትኖ ይኖራል። ጆሮው ግን ምላጭ ነበረና ሰው ይወደዋል።

በዚያ ዘመን ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ታላቅየው ልብስ ሰፊ ነው፤ ታናሽየው የከባድ መኪና መካኒክ። እናታቸው አልጋ ይዛለች። ዓይኗን ሳትከድን በሬዲዮ የምትሰማው አንድ ዘፈን አብረው ሊሠሩላት ፈለጉ፤ የመጀመሪያውን ክፍል ታላቅየው፣ ሁለተኛውን ታናሽየው፣ አዝማቹን ደግሞ በአንድ ላይ። ሲነታረኩ ላያቸው ደስ ይሉ ነበር።

«ማይኩን አትጉረሰው፤ ምሳ አይደለም» ይላል ታላቅየው።

«ተወኝ! ያንተን አሮጌ ጫማ ስጫማ ነው ያደግሁት፤ ማይኩን እንኳ በአዲስነቱ ልያዘው!»

ይሳሳቃሉ። በሳቁ ውስጥ እሾህ ነበረ፤ ሰውየው ግን ያኔ አላስተዋለውም።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ታላቅየው ብቻውን መጣ። ትንፋሹ ማይኩ ላይ እያፏጨ ስላስቸገረው ይጽዳልኝ አለ። ሰውየው የእሱን ትንፋሽ ለይቶ ለመስማት ሲል የታናሽየውን ድምፅ ዘጋ። ትንሽ ቁልፍ ናት፤ ስትጫን ቀይ ትሆናለች፣ አጠገቧ ስሙ የተጻፈው ድምፅ ጸጥ ይላል። ትንፋሹን አጸዳ። የዘጋውን መክፈት ረሳ። ሌላ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ስለነበር እየተጣደፈ ባለበት አንድ ፋይል አድርጎ አወጣው፤ መልሶም ሳያዳምጠው ለሬዲዮ ጣቢያው ላከው።

ዘፈኑ በሚተላለፍበት ቀን ጋራዡ ሞተሩን ሁሉ አጥፍቶ ጠበቀ። ታናሽየው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ሬዲዮውን በተነባበሩ ጎማዎች ላይ አስቀምጦ ቆመ። የታላቁ ክፍል አለቀ። «አሁን እኔ ነኝ! ዝም በሉ!» አለ። ጊታርና ከበሮ ብቻ መጡ። ጠበቁ። ጊታርና ከበሮ ብቻ።

«ምነው ወንድሜ፣ ድምፅህ በመንገድ ተነፈሰ እንዴ? ጎማ እንቀይርለት?» አለ አንዱ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ።

ስልኩ ጮኸ። እናቱ ነበረች። «ሰማሁት የኔ ልጅ። ወንድምህ እንዴት አድርጎ ዘፈነልኝ! አንተ ግን ለምን ቀረህ?»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ጋራዥ ውስጥ የሚያውስ አያስፈልግም፤ ብረቱ ሞልቷል።

ታላቅየውም ዘፈኑን ሰምቶ፣ ደንግጦ፣ ወደ ስቱዲዮው ሮጦ ነበር። «የታናሼ ድምፅ የታለ? የት አደረስከው?» እያለ ሰውየው ራስ ላይ ቆሟል። ሰውየው የዘፈኑን ፕሮጀክት ኮምፒዩተሩ ላይ እየከፈተ ሳለ በሩ በእርግጫ ተበረገደ። ታናሽየው ጎማ መፍቻውን ይዞ ገባ።

«ጫማህን አጠለቅሁልህ! አሁን ደግሞ ድምፄን ታወልቅብኛለህ?»

«ወንድም ዓለም፣ ስማኝ፣ እኔም እኮ...»

ብረቱ የታላቅየው ትከሻ ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ተሰማ። አጠገቡ ያለውን ወንበር ይዞ ወደቀ። ብረቱ አንዱን ስፒከር ሰንጥቆ ተመለሰ፤ ጎኑን አገኘው፤ ደገመው።

ፕሮጀክቱ የተከፈተው ያኔ ነው። «ታናሽ» ከሚለው ስም አጠገብ ቀዩዋ ቁልፍ እንደ ደም ጠብታ በርታለች።

ሰውየው ሁሉም ገባው። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን ቃሉ ከአፉ ከወጣ ብረቱ ወደ እሱ እንደሚዞር አወቀ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ቀን ነቀዘ። እሱ ምራቁን ሲውጥ ብረቱ ወረደ። ዓይኑን ከቀዩዋ ላይ ሲነቅል ብረቱ ወረደ። የታላቅየው መንጋጋ የተሰበረው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ሄድፎኑ በደም ራሰ። የተመታው ሰው ግን መልሶ ለመማታት እጁን እንኳ አላነሳም። በተሰባበረ አፉ «ታናሼ፣ ታናሼ» ይላል።

«እኔ ነኝ!» አለ ሰውየው በመጨረሻ እየጮኸ። «የዘጋሁህ እኔ ነኝ! እሱ አያውቅም! ረስቼ ነው!»

ታናሽየው ዞረ። ፊቱ ላይ የወንድሙ ደም ተረጭቷል። «ረስተህ?»

«ይኸው፣ እያት!» ማውሱን ይዞ ቀዩዋን ተጫናት፤ ጠፋች። ብረቱ እጁ ላይ ወረደ። ማውሱና ጣቶቹ አብረው ተሰበሩ። ብረቱ እንደገና፣ አሁን ወደ ጭንቅላቱ ሲነሳ፣ ሰውየው በግራ መዳፉ ኪቦርዱን መታው፤ ዘፈኑ ከሁለተኛው ክፍል ተነሳ።

ከተረፈው ስፒከር የታናሽየው ድምፅ ወጣ። «እማ» እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ ልጅ። ታናሽየው ራሱን ሰማ። ብረቱ ከእጁ ወድቆ የገዛ እግሩን መታው፤ አልተሰማውም። ተንበርክኮ የወንድሙን መንጋጋ በሁለት መዳፉ ሊሰበስብ ሞከረ። ደሙ በጣቶቹ መካከል እያመለጠው ነበር። ዘፈኑ ሄዶ ሄዶ አዝማቹ ላይ ደረሰ፤ ሁለቱም ከላያቸው፣ በአንድ ድምፅ፣ እየዘፈኑ ነበር።

ታናሽየው ታሰረ። እናትየዋ ዘፈኑን ሙሉውን ሳትሰማ አረፈች። ታላቅየው መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ዳነ፤ ድምፁ ግን ለዘፈን አልሆነም። እስከ ዛሬ ስም ጠሪውን መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር አቅፎት፣ በተጣመመ አፉ፣ ለሰው ሁሉ ይናገራል፦ «እሱ አፉን ባይከፍት ኖሮ ሞቼ ነበር።» ስም ጠሪውም አንገቱን ደፍቶ ይታቀፋል።

ስም ጠሪው ዝም ያለባትን ቅጽበት ዘሎ ይህን ሲነግራት የልጅቷ እንባ ሞልቶ ነበር። «ነፍስ አድነሃል እኮ ጋሼ! ቀዩዋን ባየህ ጊዜ ወዲያው ነው የተናገርከው?»

እሱ ወደ እስክሪኑ ዞሮ «አዝማች? አለ» አለና ዘፈኗን በፍላሽ ገልብጦ ሰጣት። ማሽኑን አጠፋ። በሩን ከኋላቸው ሲቆልፍ፣ ፊቱን ወደ ቁልፉ እንዳደረገ ተናገረ።

«ወዲያው አይደለም።»

«ምን?»

«ወዲያው አይደለም የተናገርኩት። መንጋጋው እስኪሰበር ዝም ብዬ አየሁ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።» ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ታላቅየው ልብስ ስፌት ቤቱን ሳይዘጋ ልድረስበት።»

«ጋሼ፣ ቢቆጣስ?»

«መቀሱ እጁ ላይ ነው» አለ፤ ፈገግ ያለ መሰላት። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። የተጣመመው እጁ በጎኑ ተንጠልጥሏል፤ ሰው እየገፋው ያልፋል፤ እሱ ወደ ኋላ አላየም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ የሚጠራውን ስም ግን ከዚያ ርቀት አልሰማችም።