መሪው መሪ ሲይዙ

በስደት በምኖርባት በኖርክሮስ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ የመንጃ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ባለቤቷ ሚስ ዶሪስ የመኪናውን የቀኝ በር ከፍታ ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ፔዳል አሳየችኝ። «ይሄ ያንቺ ፍሬን ነው። መሪ የለሽም፣ ነዳጅ መስጫ የለሽም። ያለሽ ይሄ ብቻ ነው» አለችኝ። ዶሪስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ሹክ ስትል እንኳ ጎረቤት የሚሰማት ሴት ነበረች። እኔ ሰዓዳ ደግሞ ደሴ ያደግሁ፣ «ትልቅ ሰው ፊት ድምፅሽ አይሰማ» እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ።

መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጬ ታዘብኩ። ከዚያ ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ኮን እየደረደርኩ ፓራለል ፓርኪንግ፣ በሁለት መኪና መሃል ዳር ይዞ ማቆምን ብቻ አስተማርኩ። ፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ ተማሪ ይዤ እንድወጣ የተፈቀደልኝ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ዱሉዝ ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ የአገሬ ሴቶች ነበሩ። ባሎቻቸው ሊያስተምሯቸው ሞክረው ተኳርፈው ነው ወደኔ የሚመጡት። ስፖኪዮ ከማስተካከላችን በፊት የባልን ኃጢአት አንድ በአንድ ሰምቼ እጨርሳለሁ።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ዶሪስ አንድ የሎረንስቪል አድራሻ ሰጠችኝ። «የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል። በአገሩ ፕሬዚዳንት ነበር ይላሉ። ጥሩ ሽማግሌ ነው፣ ታገሺው» አለችኝ።

በሩን የከፈቱት ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሱ ረጅም ሰው ናቸው። የአገራቸውን ስም አልጠራም፤ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ የእኛ ግን አይደለም። የምንነጋገርበት የእንግሊዝኛው «ዩ» ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው። እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ስለነበር እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

አዩኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለጉ።

«አስተማሪው የት አለ?»

«እኔ ነኝ።»

«መልካም» ብለው በቀጥታ ሄዱና የኋላውን በር ከፍተው ተቀመጡ። እኔም በቦታዬ ከፊት በስተቀኝ ተቀመጥኩ። ነጂ የለም። ሁለታችንም መንገዱን አየን።

«ጌታዬ፣ የሚነዱት እርስዎ ነዎት» አልኩ በመጨረሻ።

«ልክ ነሽ። ልማድ ነው» ብለው ወረዱ።

ባለቤታቸውን ማዳም እላቸው ነበር። ስደት ከመጡ ጀምሮ ሲነዱ የኖሩት ማዳም ናቸው፤ ዓይናቸውን ታመው ሐኪም ከለከላቸው። ሎረንስቪል ደግሞ ያለ መኪና ቤት ውስጥ እንደ መታሰር ነው። «እንቁላል ሲያልቅብን ጎረቤት እናስቸግራለን። ለሐኪም ቀጠሮም እንደዚያው። ይሄ ሰውዬ መንጃ ፈቃድ ካላወጣ አለቀልን» አሉኝ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ባላቸው እየሰሙ።

አሥራ አራት ዓመት አገር የመሩ ሰው መሪ መያዙ አልሆን አላቸው። እጃቸው አያርፍም። መንገደኛ ሲያዩ መዳፋቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጣሉ። መስቀለኛ መንገድ ላይ አንዲት ነጂ ሰላምታቸውን «እለፊ» ያሏት መስሏት ገባች፤ እሳቸውም ገቡ፤ እኔ ፍሬን ያዝኩ። ወደኋላ መሄድ አይወዱም። ፍሬቻ ማሳየትም አይወዱም፤ «ወዴት እንደምሄድ ለሁሉም መናገር አለብኝ?» አሉኝ።

የባሰው ስቶፕ ሳይን፣ «ቁም» የሚለው ምልክት ነው። ዘመናቸውን ሁሉ መንገድ ሲዘጋላቸው ኖሯል። ቀይዋን ምልክት እንደ ጌጥ አይተው ያልፏታል። እኔ ደግሞ በይሉኝታ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጌታዬ፣ ምናልባት እዚህ ጋ ብንቆም» እላለሁ። ብዬ ስጨርስ መንገዱን ተሻግረናል።

በአምስተኛው ትምህርት አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከፊታችን ቆመ። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ልጆች እየወረዱ ነው፤ ያኔ ማንም መኪና ማለፍ አይፈቀድለትም። ይቆማሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልቆሙም።

«ቁም!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ፣ ያለ አንቱታ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ቦርሳ ያዘለች ልጅ ከመኪናችን አፍንጫ አንድ ክንድ ርቃ ደርቃ ቀረች። የአውቶቡሱ ሾፌር በመስኮት የሰደበችንን ዶሪስም አትችለውም።

ዳር ይዘን ቆምን። እሳቸው እጃቸውን ከመሪው አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«አንድ ቀን አጀባችን አንድ ገበያተኛ ገጭቶ አለፈ» አሉ። «ሁለተኛው መኪና ውስጥ ነበርኩ። አልቆምንም። በኋላ ደህና ነው አሉኝ፤ ማመኑ ቀለለኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም።»

«ወደ ቤት እንመለስ?» አልኩ።

«አይሆንም። ያንኑ መንገድ እንደገና ውሰጂኝ። ከአሁን በኋላም እንደዚያው ጩሂብኝ።»

ሦስት ሳምንት ጮህኩባቸው። ድምፄ ከዶሪስ ድምፅ ሊስተካከል ደረሰ። ማዳም «እኔ በአርባ ዓመት ትዳር ያላገኘሁትን መብት አገኘሽ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በሦስተኛው ሙከራ ለጥቂት አለፉ። ፈታኟ ነጥብ የቀነሰችባቸው ማንም በሌለበት መገናኛ ላይ ከሚገባው በላይ ቆመው በመጠበቃቸው ነው።

በሳምንቱ ማዳም ደወሉልኝ። «ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። የሃያ ደቂቃ መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከኋላችን ያልነፋብን መኪና የለም» አሉና ቀጠሉ። «ግን እሱ ራሱ ወሰደኝ።»

ዛሬ አዳዲስ አስተማሪዎች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው አጭር ነው። ተማሪውን አክብሩት። ቁም ማለት ያለባችሁ ቦታ ላይ ግን በጊዜው፣ በሚሰማ ድምፅ ቁም በሉት። እኔ አራት ትምህርት ዘግይቻለሁ።