«አንተ» ለማለት የፈጀብን ክረምት

ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ አንዲት ተማሪ «አንቱ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አለችኝ። ሌላ ሰው ፍለጋ ዞር አልኩ። ከሾፌሩና ከኔ በቀር ማንም አልነበረም። ጢሜን ሳልላጭ ስለሰነበትኩ ይሆናል። ጠጋ አልኩላት፤ ቃሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረና ወደዚያ ክረምት፣ ወደ ላሊበላው መምህራን ኮሌጅ የምግብ አዳራሽ ይዞኝ ሄደ።

አምስት ነበርን። ውጤት የምትሰጠው የአማርኛ መምህርቷ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ብልባላ አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ፀጉራቸው የሸበተ መምህር። ልጅ ሆና ብልባላ እሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረችው፣ አሁን ግን ራሷ ሙጃ የምታስተምረው ልጅ። የላሊበላው ቀልደኛ፣ በድራማው ውስጥ የጥጥ ጢም ለጥፎ ሽማግሌ የሚሆነው። እና እኔ። ትወናን ከሬዲዮ ድራማና ከስልክ ቪዲዮ የለቃቀምኩ፣ ወረቀት የሌለኝ፣ ከሁሉም በዕድሜ የማንስ አሰልጣኝ።

ተማሪዎቹ የክረምት ተማሪዎች ነበሩ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምሩ ከርመው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዲፕሎማቸውን ለመጨረስ የሚመጡ። የትወና ኮርሱ አስተማሪ ለቆ ስለነበር መምህርቷ እኔን ጠራችኝ። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ሁለት አንሶላ በገመድ ሰቅለን መጋረጃ አደረግን። አዳራሹ ከምሳ የቀረ የሽሮ ሽታና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ነበረው። በመስኮቱ የአሸተን ተራራ አይታይም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጉም ውስጥ ነበር። ብርሃኑም የጉም ብርሃን ነው፤ የማንም ጥላ መሬት ላይ አይወድቅም።

ድራማውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት አስወጥተው የዳሯት ልጅ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። የደብተር ቦርሳዋ የጨው መያዣ ሆኖ ታገኘዋለች። እስከዚያ ድረስ አባቷን «አንቱ» እያለች ነው የምታናግረው። በሩ ላይ ስትደርስ ግን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አንተ! ቦርሳዬን ምን አደረግኸው?» ትለዋለች። እሱ «ውጪ ከቤቴ!» ይላል፤ መጋረጃው ይዘጋል። ድራማው በሙሉ እዚያች «አንተ» ላይ ነበር የቆመው።

አባት የሆኑት የብልባላው መምህር ናቸው። ልጅቱ ሌላውን ቃል ሁሉ በአንድ ቀን ሸመደደችው። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ ወደ መሬት ይወርድና፣

«አንቱ… ቦርሳዬን ምን አደረጉት?» ትላለች።

«አንቺ፣» አላት ቀልደኛው ጢሙን እያስተካከለ፣ «የመጣሽው ልትጣያቸው ነው ልትሾሚያቸው?»

ደጋገምነው። ከድራማው ውጭም «ቲቸር» እያለች ነበር የምትጠራቸው፤ አብረው ተማሪ መሆናቸውን ረስታው። ምሳ ሰዓት ላይ ውሃ ቀድታ እጃቸውን ታስታጥባቸዋለች። እኔ አቋቋሟን አስተካከልኩ፣ እጇ በሩን የት ጋ መያዝ እንዳለበት አሳየኋት፣ ትንፋሿን አስቆጠርኳት። ምንም አልረዳትም።

መምህርቷ በመጨረሻ ተቆጣች። «ሰው ከአባቱ ጋር ሲቆራረጥ አንቱ አይልም። ዓርብ መድረክ ላይ ካላልሽው አላሳልፍሽም።» አለማለፍ ማለት ዲፕሎማው ለሚቀጥለው ክረምት ተላለፈ ማለት ነው። ልጅቱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ ነበር የመጣችው። በስልክ ድምጿን ስታሰማው «እናቴ» የሚለው አያቱን መሆኑን ነግራናለች። አንድ ሌላ ክረምት ደግሞ ከሱ መለየት እንደማትችል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህሩ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አበባዬ፣ ፈጣሪን ስትለምኚው ምን ትይዋለሽ?»

«አንተ።»

«ተቀየመሽ?»

«ፈጣሪማ በአርጩሜ አልገረፈኝ፣ ቲቸር!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሷ ደነገጠችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እሳቸው ከሁላችንም በላይ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«እንግዲያው ለአርጩሜው ስትይ በይኝ» አሏት።

ያን ቀን ግን አላለችውም።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። የኮሌጁ ሠራተኞች ሳይቀሩ መጥተው ነበር። እኔ ከአንሶላው ጀርባ ገመዱን ይዤ ቆሜአለሁ፤ «ውጪ» የሚለውን ስሰማ መሳብ ነው ሥራዬ። ድራማው መሃል ላይ ሲደርስ ዝናቡ ጀመረ። የላስታ ክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። ልጅቱ በሩ ላይ መድረሷን ከአንሶላው ሥር በሚታየው እግሯ አወቅሁ። ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምኩት።

«አንተ!»

የሷ ድምፅ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ከዝናቡ በላይ ነበር። «ቦርሳዬን ምን አደረግኸው?»

«ውጪ» የሚለውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ከዚያ በዝናቡ መሃል የመምህሩ ድምፅ፣ የአባትዬው ሳይሆን የራሳቸው፣ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔ የሰማሁት «ጎበዝ» የሚል ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ሰሌዳ ላይ «ሀ»ን ሳታጣምም ስትጽፍ የሚባለው ጎበዝ። ወዲያው «ውጪ ከቤቴ!» ብለው ጮኹ፤ ገመዱን ሳብኩ።

መምህርቷ «ጎበዝ አላሉም» አለችኝ በኋላ። «ጉድ በል ነው ያሉት፤ የተቆጣ አባት የሚለውን። እንዲያውም ለሱ ብዬ ውጤት ጨምሬላቸዋለሁ።» ቀልደኛው አክታ ሲጠርጉ ነው ብሎ ማለ። ልጅቱን ስጠይቃት ዓይኗን ጠረገችና «ተወኝ እስኪ» አለችኝ። አለፈች፤ በማግስቱም ወደ ልጇ ሄደች። መምህሩን ራሳቸውን የጠየቅኋቸው ወደ ብልባላ ለመመለስ ዕቃቸውን ሲያስሩ ነው። «ዝናቡን ጠይቀው» አሉኝና ሳቁ።

አሁን እሳቸው የሉም። ማረፋቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ከብልባላ እህል ጭነው ከመጡ ሰዎች ነው።

እኔ ከአንሶላው ጀርባ ስለነበርኩ ፊታቸውን አላየሁም። ያን ዓርብ ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ከንፈራቸው ምን ሲል አያችሁ? ከመናገራቸው በፊት ሳቅ ብለው ነበር ወይስ ተኮሳትረው? የምታስታውሱትን ጨምሩበት። አንቺም፣ ይህን ካነበብሽ፣ ያን ቀን እንድተውሽ ነግረሽኝ ትቼዋለሁ፤ አሁን ግን ንገሪኝ። ከሁላችንም ለሳቸው የቀረብሽው አንቺ ነበርሽ።