የአባቴ በሬዎችና እኔ

ሴት እርፍ ከጨበጠች ዝናብ ይሸሻል ይባላል እኛ አገር። መጀመሪያ ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ አባባሉን ግን ሁሉም ያውቀዋል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። ማረስ መቼ አምሮኝ! መካነ ሰላም ከተማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የሰው መታወቂያ ሳባዛ ነበር የምውለው። የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ከደሴ ይዤ ከመጣሁ ወዲህ ያገኘሁት ሥራ እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም፤ ደጃፍ ላይ ቆሜ ባጃጅ ሲያልፍ አያለሁ።

አባቴ ቄስም ገበሬም ነው። ከከተማው በእግር ትንሽ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን እሑድና በዓል ይቀድሳል፣ በቀረው ቀን ያርሳል። በዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ አንድ ጎኑን መታውና ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ምላሱም ከበደ። ያ ድምፁ ከደብሩ ተነስቶ ሸለቆውን የሚሻገር ሰው፣ ውሃ ለመጠየቅ እንኳ ብዙ ይለፋ ጀመር። እናቴ እኔን አንዷን ብቻ ስለወለደች የሚጠራ ወንድም አልነበረም። ፎቶ ኮፒውን ለባለቤቱ ትቼ ዕቃዬን ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ግንቦት ላይ ጎረቤታችን መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቴ የታመመ ቀን ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ይዞ ሆስፒታል ድረስ የሄደው እሱ ነው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ የከብቱም የጤናውም ወሬ ካለቀ በኋላ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምሬ፣ መሬቱ ጦሙን ከሚያድር እኔ በእኩል ልረስልዎ። ግማሹ ለእርስዎ፣ ግማሹ ለእኔ» አለ።

ነገሩ ደግ ነው፤ የእኛ ማሳ ግን ትንሽ ናት። ሙሉዋ ሦስት ሰው ታበላለች፣ ግማሿ ግን እስከ ፋሲካ እንኳ አታደርስም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ አውቀዋለሁ፤ ዓረብ አገር። አብረውኝ ከተማሩት ሴቶች ብዙዎቹ ሄደዋል፤ ማታ ማታ በስልክ እያለቀሱ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያለቅሳሉ። እኔ መሄድ አልፈልግም ነበር። አባቴን በስልክ መቅበር አልፈልግም ነበር።

«እኔ አርሰዋለሁ» አልኩ።

ለአፍ ዳገት የለውም። እናቴ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች። ጎረቤታችን መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ አባቴን አይቶ አፈረ።

«ልጄ፣ አብሽሪ እንጂ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል» አለኝ ለስለስ ብሎ።

አባቴ ብዙ ጊዜ ወሰደ። «ት...ሞክር» አለ በመጨረሻ። «ክረምት... ሳይገባ... ካልጨረሰች... አንተ ውሰደው።»

እንዲህ ተስማማን። ዝናቡ ጠንክሮ ከመግባቱ በፊት ማሳው ታርሶ፣ ተደግሞ ለዘር ካልደረሰ ማሳው ወደ ጎረቤት፣ እኔም ወደ ፓስፖርት ቢሮ።

በማግስቱ ጠዋት የአባቴን ሱሪ ከቀሚሴ ስር ታጠቅሁና ወጣሁ። እናቴና እኔ ተጋግዘን ሁለቱን በሬዎች፣ ዳልቻውንና ቀዩን ጠመድናቸው። እርፉን በቀኜ፣ ጅራፉን በግራዬ ያዝኩ። «ሂድ!» አልኩ። ምንም። «ሂድ እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ዳልቻው አንገቱን ዞር አድርጎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ማመስኳቱን ቀጠለ። ጅራፉን ሳወናጭፈው የገዛ ጆሮዬን ገረፈኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ከፊት እየሳበቻቸው ትንሽ ሄዱ። እርፉን ስጫነው ማረሻው መሬት ውስጥ ይቀበርና በሬዎቹ ይቆማሉ፤ ሳላላው ደግሞ ከላይ ከላይ ይንሸራተታል። እኩለ ቀን ላይ ዞር ብዬ ሳየው ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት። በማግስቱም ያው፣ በሦስተኛውም ያው። መዳፌ ተላጠ፣ ወገቤ አልቀና አለኝ። ማሳው መሐል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ፤ በሬዎቹ አጠገቤ ቆመው ሣር ፈለጉ።

እዚያ ቁጭ እንዳልኩ ነው የገባኝ። አባቴ በሬ ላይ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም! ሲያርስ ያዜማል። የቅዳሴውን ዜማ፣ የማኅሌቱን ዜማ፣ የሚመጣውን በዓል ዜማ እያጠና ነው የሚያርሰው፤ ጊዜ ስለሌለው። እነዚህ ሁለት በሬዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ «ሂድ» የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ዜማ ነው የሚያውቁት።

ዜማ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቱ የወንዶች ነው። ግን ጆሮ አለኝ፣ ያደግሁትም በዚያ ድምፅ ነው። አፍሬ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። ተነሳሁና እርፉን ይዤ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። የዳልቻው ጆሮ ቀና አለ። ቀዩ ጭራውን ወዘወዘ። ከዚያ ሁለቱም፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እንደ ሁልጊዜያቸው መራመድ ጀመሩ። እኔ ነኝ መከተል ያቃተኝ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። የማሳው ጫፍ ስንደርስ አይዞሩም፤ ቀጥ ብለው የጎረቤታችን ባቄላ ውስጥ ገቡ። ብጎትት፣ ብለምን፣ ወይ ፍንክች። አባቴ ጫፍ ሲደርስ «ሃሌ ሉያ» የምትለዋን ስቦ ስቦ፣ አጥፎ ነበር የሚያዞራቸው፤ እሷን ረስቻለሁ። ባቄላው መሐል ቆሜ በተቻለኝ መጠን ረጅም ሃሌ ሉያ ለቀቅሁት። በሬዎቹ እንደ ጨዋ ዞሩ። ባቄላው ግን ባቄላ አልነበረም። ማታ ሄጄ «አፉ በሉኝ» አልኳቸው፤ የጎረቤታችን ሚስት «ለባቄላው ሃሌ ሉያ ከተባለለትስ ምን ቀረው» ብላ ሸኘችኝ።

በዚያው ሰሞን ወሬ ተነዛ። ውሃ የምትቀዳ አንዲት ሴት ዜማውን ከሩቅ ሰምታ «መምሬ ድነው እያረሱ ነው!» ብላ ኖሯል። ሰው እንኳን እግዜር ማረዎት ሊል ግልብጥ ብሎ መጣ። አባቴ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ እኔ በእሱ ሱሪ ማሳው ላይ አዜማለሁ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ። መካነ ሰላም ገበያ ስወርድም «ባለ ዲፕሎማዋ ገበሬ መጣች» ይሉኝ ጀመር። «አዎ፣ ዲፕሎማ የሌላችሁ እንዴት አርጋችሁ ታርሳላችሁ?» እላቸዋለሁ። ቀድመህ ካልሳቅህ ሰው ይስቅብሃል፤ ይህን ያስተማረኝ እርሻ ነው።

አንድ ማታ አባቴ በግራ እጁ ጠራኝ። ስለ ትልሙ መጣመም ሊናገረኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። «ዜማው... ላይ... ትቸኩያለሽ» አለኝ። «በሬዎቹ... ግራ... ይገባቸዋል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አተር እየፈለፈልን ያስተምረኝ ጀመር። እሱ አንድ ሐረግ ይላል፣ እኔ እደግማለሁ፤ ስሳሳት ይቆጣል። ለመቆጣት ደግሞ ምላስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተሰበረ ቃል ነበር፣ ሲቆይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሙሉ ስድብ። «ደንቆሮ!» ብሎ ሳይደናቀፍ የጠራኝ ቀን እናቴ እልል አለች። እኔም እንዲያ ያለ ጣፋጭ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ችግሩ ሰኔ ገባና ሰማዩ ጠራ። ደመና ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ወደ ወግዲ በኩል ያልፋል። ሰው ወደ ላይ ያያል፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ማሳ ያያል። ማሳው ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክርስቲያኑም የእስላሙም ሽማግሌዎች አንድ ላይ መጡ፤ ጎረቤታችንም ከኋላ ከኋላ አለ። ተቀመጡ፣ ተጠያየቁ።

«መምሬ፣ ልጅቱን ጠልተን አይደለም» አሉ ጥምጥም ያሰሩት ሼህ። «ሰው ሁሉ እያወራ ነው። ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ እርፉን ታስቀምጥ። ለአገሩ ሲባል።»

ዝናቡ ሲመጣማ ጊዜው አለቀ፤ ማሳው ሄደ። አባቴን አየሁት፤ አፉ ይታገላል፣ ቃል ግን አልወጣ አለው። ሰው ሲበዛ ይይዘዋል።

እናቴ ናት የተናገረችው። በሽማግሌ ፊት ድምፅ አሰምታ የማታውቅ ሴት፣ ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ «አባቶቼ፣ እንዲያው ልጠይቅ» አለች። «ዝናቡን የያዘው እግዜር ነው ወይስ ልጄ? ልጄ ከሆነች እንግዲህ ጎርፍ ያስቸገራችሁ ቀንም ወደ እሷ ኑ። በረዶም ሲመጣ ወደ እሷ ኑ። ስለቷን ግን አደራ እንዳትረሱ።»

ከዚያ ሼሁ በጥምጥማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ሳቃቸው አላልቅ አለ። «ወላሂ እውነቷን ነው! ያ ረቢ፣ ምን እያደረግን ነው እኛ?» አሉ። ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ። እሳቸው ዱአ አደረጉ፣ አንዱ የደብሩ አዛውንት አባታችን ሆይ አሉ፣ ሁላችንም አሚን አልን። ማሳውን ዝናቡ ሳይገባ ጨረስኩት። ዝናቡም መጣ፤ ዘግይቶ፣ እንደ ፈቀደ። ሰው «በዱአው ነው» አለ። እኔ አልተከራከርኩም፤ እየዘራሁ ነበር።

ስንዴው ያን ያህል አልነበረም። ትልሜ ጠማማ ስለነበር አንዳንድ ቦታ ችምችም፣ አንዳንድ ቦታ ራሰ በራ ሆኖ በቀለ። ግን ሙሉው ወደ ጎተራችን ገባ፣ ለዘርም ተረፈ። ፓስፖርት የሚባል ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኝ ነበር። በእኛ መንደር ገበሬ ብቻውን አይሠራም፤ ወንፈል ይገባል። ዛሬ እኔ ለአንተ አርሳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ያን ዓመት ወንፈሉ ሲመደብ እኔን የጠራኝ የለም። ለአረም ስጠራ ግን ከሴቶቹ ጋር ነው። ብቻዬን አርሼ፣ ብቻዬን ደግሜ፣ ከሩቅ ወንዶቹ በአንድ ማሳ ላይ ጥማድ በጥማድ ተደርድረው ሲቀላለዱ እሰማ ነበር። እኔም ከበሬዎቼ ጋር እቀልዳለሁ፤ ግን በሬ አይመልስም። የሚገርመው፣ ከድካሙ ሁሉ የከፋኝ እሱ ነው።

በዓመቱ፣ ክረምቱ ጠዋት ጠዋት መዝነብ እንደጀመረ፣ ጎረቤታችን መጣ። ከበቅሎ ወድቆ ትከሻው ወልቆ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሏል። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ማዳበሪያ አወራ፣ አባቴ በከዘራ ደብሩ ድረስ መሄድ በመጀመሩ ተደሰተ። ተነስቶ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ዞር ያለው።

«ነገ ትውዪልኛለሽ?»

«ለአረም ነው ጋሼ?»

«ምን ዓይነት አረም በዚህ ጊዜ! ለእርሻ ነው እንጂ። ወንፈል ነው። ስድን እመልስልሻለሁ።» ይህን ብሎ መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

በማግስቱ አምስት ጥማድ ሆነን ወጣን። መሬቱ ረጥቦ እግር ይውጣል። ወንዶቹ ሁሉ እንደ ልማዳቸው ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፣ ጅራፍ ያስጮኻሉ፤ እኔ መሐላቸው አዜማለሁ። መጀመሪያ ተሳሳቁ፣ ሲቆይ አንዱ ከእኔ ኋላ ሆኖ ተቀበለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ የጎረቤታችን ሚስት ሌማት ተሸክማ መጣች። አራሾቹ ተቀመጡ። እኔ ሳላስበው ተነስቼ ሌማቱን ልቀበላት፣ እንጀራውን ላቀራርብ ሄድኩ፤ ሴት ሆኜ እንዲያ ነው ያደግሁት። ቀና ብላ በትከሻዬ ገፋችኝ።

«ምን ያቅበጠብጥሻል? ቁጭ በይ!» አለችኝ። «አራሽ አይደለሽም?»

ከወንዶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ማስታጠቢያውን ይዛ፣ ሌሎቹን ትታ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ መጣች። እጄን ዘረጋሁ። ውሃው በዚያ በተላጠና በደደረ መዳፌ ላይ ሲወርድ ዓይኔ ሞላ፤ ለመያዝ ብታገል አልሆነልኝም።

«አቧራ ገባብኝ» አልኳት።

እግሯ ስር ያለውን ጭቃ አየች፣ የረጠበውን ቀሚሴን አየች፣ እኔን አየች።

«አዎ፣ የዘንድሮ አቧራ መጥፎ ነው» አለችኝና ውሃ ጨመረችልኝ።