አባቴ ያላመነው ባሕር

ወጥ ላይ ልጨምር ጨው ቆንጥሬ ምላሴ ላይ ሳደርግ አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል። እንዳትስቁብኝ እንጂ፣ አንዳንዴ ድስቱን ጥጄ ከእሱ ጋር እከራከራለሁ።

አባቴ ጎንደር ገበያ ውስጥ አሞሌ ጨው ይሸጥ ነበር። ያደገው ጣና አቅራቢያ፣ ቆላ ድባ ስለሆነ ባሕር ሲል ጣናን ማለቱ ነው። በደርግ ጊዜ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ኩባ ልሄድ ስሰናዳ፣ ቁስቋም ሰፈር ደጃፋችን ላይ ቆሞ ይሟገተኝ ጀመር።

«ምነው ልጄ፣ ባሕር ጨው ነው ትያለሽ? እኔ ባሕሩን እየጠጣሁ አይደል ያደግሁ! ጨውማ ከመሬት ተፈልጦ በግመል ነው የሚመጣ። ቀምሰሽ በእጅሽ ካልጻፍሽልኝ አላምንም።»

«ትሸነፋለህ፣ አባባ» አልኩት።

በሁለተኛው ወር ሃቫናን አስጎበኙን። የወደቡ አሮጌ ምሽግ ድንጋዩ ጠቁሮ የፋሲል ግንብን ስለመሰለኝ ሆዴ ባባ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ዓይን የሚወጋ ብርሃን ተቀበለን። የባሕሩ ሽታ እንደ ጣና የደንገልና የዓሣ አልነበረም፤ ዝገት ዝገት ይል ነበር። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና በእፍኜ ቀድቼ፣ ልክ እንደ ጣና ውሃ ግጥም አደረግሁት። ጉሮሮዬን አቃጠለው፤ እዚያው አስመለሰኝ። አብራኝ የተላከችው የደብረ ታቦር ልጅ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አባትሽ ቅመሽው ቢልሽ ልትጨርሽው ነው እንዴ?»

ምሽጉ ያለበት ፖስት ካርድ ገዝቼ ጻፍኩ፦ «አባባ፣ ተሸንፈሃል። ባሕሩ ጨው ነው። አሁንስ አመንክ?»

መልሱ ከሦስት ወር በኋላ በታላቅ እህቴ እጅ ተጽፎ መጣ። ያን ጊዜ ደብዳቤ ተከፍቶ ይነበብ ስለነበር ከሰላምታ ሌላ ብዙም አትጽፍም። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት መስመር ነበረች፦ «አባባ እስከ መጨረሻው አላመነም።»

በሳቅ ፈነዳሁ። ግትር! ለደብረ ታቦሯ ልጅ አነበብኩላትና አብረን ሳቅን። ከዚያ በኋላ በየደብዳቤው እሞግተው ጀመር፤ ስለ ማዕበሉ፣ ቀሚሴ ላይ ደርቆ ስለሚቀረው ነጭ ጨው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ትምህርቴን ጨርሼ ቁስቋም ስደርስ እናቴ ጥቁር ለብሳ ነበር። በእኛ አገር መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ እህቴ ያን ሁሉ ዓመት አፍና የያዘችውን ያን ዕለት ነገረችኝ። እኔ በሄድኩ በወሩ የአብዮት ጠባቂዎች ጨው ደብቀሃል ብለው አባቴን አስረውታል። አንድ ቀን እናቴ የወሰደችለት ምሳ ሳይነካ ተመለሰ። የእስረኛ ምሳ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

«እመን እያሉ ገረፉት» አለች እህቴ። «ያልደበቅሁትን አላምንም አለ። እስከ መጨረሻው አላመነም። ይገባሻል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።»

እኔ ደግሞ ስቄበታለሁ።

«ካርዴስ?»

«ምሳው በተመለሰ በሳምንቱ ደረሰ።»

«ባሕሩንም ሳያምን ሞተ ማለት ነው» ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

እህቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«አንቺ ሞኝ! ሳትወለጂ ምጽዋ ወርዶ የባሕሩን ጨው በጆንያ ጭኖ መጥቷል እኮ። አላምንም ያለሽ እንድትጽፊለት ብሎ ነው እንጂ።»