ዋስ ያጣው ሽፍታ

ቤታችን ውስጥ «ሽፍታ» የምስጋና ቃል ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው፣ አባቴ ደገኛው አጎቱ በርስት ተበድሎ ዳኛ ሲያጣ ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ እንደገባ ይተርክልናል። «ወንድ ነበር፤ ሸፈተ!» ይላል ጭኑን እየመታ። እኔም ዲላ፣ ሱቃችን ውስጥ፣ ሽፍታ ማለት በደልን አልዋጥም ያለ ሰው ነው ብዬ አደግሁ።

ጨውና አቡጀዴ ከእኛ የሚገዛ ከከተማው ወጣ ካለችው ከጪጩ የሚመጣ አንድ ጭሰኛ ነበር፤ ድምፁ የማይሰማ ጭምት ሰው። በዚያ ዘመን የባለመሬቱ ገማች መጥቶ፣ ዛፍ ላይ ያለውን ቡና አይቶ የጌታውን ድርሻ ሳይቆርጥ፣ ጭሰኛ አንዲት ፍሬ መልቀም አይችልም። ያን ዓመት ገማቹ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሲዞር ቀረ። ቡናው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ይረግፍ ጀመር። ሰውየው ሲጨንቀው ከሚስቱ ጋር ለቀመው። የባለመሬቱን ድርሻ እንኳ ለብቻው ሰሌን ላይ አስጥቶለት ነበር።

የፊጥኝ ታስሮ በሱቃችን ፊት ሲነዳ፣ ባለመሬቱ የእኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። «መንግሥት ላይ የተነሣ ሽፍታ ነው» አለን፣ ከንፈሩን እየጠረገ። ሽፍታ! ከቡና ቅርጫት በቀር ምንም አንግቶ የማያውቅ ሰው!

ወዲያው ሚስቱ እያለከለከች ደረሰች። ዋስ ጥራ ተብሏል። ካገኘ ይፈታል፤ ካጣ ወህኒ ይወርዳል፣ መሬቱም ለሌላ ጭሰኛ ይሰጣል። ከከተማ ሰው የሚያውቁት አባቴን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አንተ ታውቀዋለህ። ጫካ አልገባ፣ ሰው አልነካ። ዋስ ሁነው» አለችው።

አባቴ እሷን አላያትም። ባለመሬቱን ነው ያየው። «እኔ ለሽፍታ ዋስ አልሆንም» አለ። ባለመሬቱ ሳቀ፤ አባቴም ተከትሎት ሳቀ። ባለመሬቱንስ ባለመሬት ነው ብዬ እተወዋለሁ፤ የአባቴ ሳቅ ግን አንገፈገፈኝ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ልጆቿን ይዛ ከእንሰቷ ተነቀለች። ቤቷ ሌላ ሰው ገባበት።

የገና ዕለት ክትፎው ቀረበ፣ ጠጁ ተቀዳ። አባቴ ጭኑን መታ። «አጎቴ እኮ ወንድ ነበር…»

የጎረስኩትን ከአፌ አውጥቼ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው ልጄ፣ ሥጋው ሸተተሽ?» አለኝ።

«አዎ አባባ፣ ሸተተኝ» አልኩት።